የአራት ቀን ፀሐይ በአንድ ካርድ

ስልኬ ላይ የከተማ ስምና ቀን ሲጻፍለት ያለፈውን የአየር ጠባይ የሚናገር ገጽ አለ። ጅማ አልኩና እናቴ የሞተችበትን ቀን ጻፍኩለት፤ ጳጉሜ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ክረምቱ ሊገባደድ ሲል። ገጹ አላፈረም፣ ወዲያው መለሰልኝ። ፀሐይ የወጣችው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። የገባችው ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይረዝማል። ከሥሩ ደግሞ "በዚህ ወቅት ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ደመናማ ነው፤ ዝናብ ሊኖር ይችላል" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ! እኔ የጠየቅኩት ስለ አንድ ቀን ነው። ቀኑ ስንት ሰዓት እንደነበር ያውቃል፣ ፀሐይ ታይታ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ይህን ያህል የሚያናድደኝ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ጅማ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ውስጥ ተመልካች ነኝ። አባቴም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ተመልካች ነበር። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትናንት የወረደውን ዝናብ እንለካለን፣ ሙቀቱን እናነባለን፣ እንጽፋለን፣ እንልካለን። እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉ ቡና ነጋዴዎች ሲያገኙኝ "የሰማይ ቤት ሠራተኛ" ይሉኛል። አንዱማ "ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ አንቺ ግን እሱን አርሰሽ ደመወዝ ትበያለሽ" ብሎኝ ያውቃል። ስቄ አለፍኩት። በመከር ዋዜማ "ነገ ፀሐይ አለ?" ብሎ በየሰዓቱ የሚደውልልኝም እሱ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አባቴ የሚወደው የፀሐይ መለኪያውን ነበር። ትርንጎ የሚያህል ድፍን የብርጭቆ ኳስ ነው፤ ጎድጓዳ የብረት መቀመጫ ላይ ያርፋል። ከኳሱ ኋላ ሰዓት የተሰመረበት ወፍራም ወረቀት ይሰካል፤ እኛ ካርድ እንለዋለን። ፀሐይ ስትወጣ ኳሱ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ካርዱን ያቃጥለዋል። ፀሐይዋ ስትጓዝ ቃጠሎውም በካርዱ ላይ አብሯት ይጓዛል፤ ደመና ሲጋርዳት ይቋረጣል። ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ካርዱ ይነሳና የነገው ይተካል። የተቃጠለው መስመር በማስመሪያ ይለካና የዕለቱ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደቆየ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። "ሌላውን ሰው ነው የሚጽፈው፤ ይኼን ራሷ ፀሐይ ናት የምትጽፈው" ይል ነበር አባቴ። ዛሬ ሁሉም በኤሌክትሪክ ሆኗል። ኳሱ ቢሮአችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ስለ እናቴ ያለኝ ትዝታ አንድ ብቻ ነው። ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። በትዝታዬ ውስጥ ግቢያችን ሣር ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል። የጅማን ክረምት ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፣ ትራስ ይሸታል፣ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ካለች ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደጅ ይሮጣል። እኔ ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝና ጨፈንኩ። ያኔ አንድ እጅ መጥቶ ጋረደልኝ። ዓይኔን ስገልጥ በጣቶቹ መሀል ብርሃኑ ቀይ ሆኖ ታየኝ። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ፊት አላየሁም። ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። ፎቶዋን ሳየው እንኳ የማላውቃትን ሴት እንደማየት ነው።

ያ ጠዋት የመጨረሻዋ ጠዋት ነው ብዬ አምን ነበር። የፍራሹ ሙቀትና በሰው የተሞላው ግቢ፣ የተተከለው ድንኳን፣ አእምሮዬ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸውና። እናቴን ምጥ የያዛት በዚያን ቀን ጠዋት ነው። ሆስፒታል ወሰዷት፤ ከሰዓት በኋላ ከነልጇ ሞተች።

አባቴ አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው። ይህች አክስቴ ከሳምንት በፊት እናቴን ልታርስ ብላ ከደዶ ድንች ይዛ መጥታ ነበር። ማረሱ ቀረና እኔን አሳደገች። ባል ሳታገባ፣ ደዶ ያለውን ቤቷን ለዘመድ ትታ፣ እኛው ጋ ቀረች። ልጅ ሆኜ ስለ ፍራሹ ሳወራ ትስቅብኝ ነበር። "ያን ቀንማ ከንጋት ጀምሮ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር፤ ምን ፀሐይ አለና! ፍራሹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰልስቱ ባለፈ ማግስት። ስንት ለቀስተኛ የተቀመጠበት ፍራሽ! አንቺም ላዩ ላይ ተዘረርሽ፣ ፀሐይ ዓይንሽን ሲመታሽ በእጄ ጋረድኩልሽ።" ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትነግረው ነበር። ስትነግር እጇን ዘርግታ አየር ላይ ትጋርዳለች።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሰማይ ላይ ተንጠለጠለ። ፀሐይ ከነበረ እጁ የእናቴ ነው። ዝናብ ከነበረ የአክስቴ ነው፤ እኔም ከእናቴ ምንም የለኝም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኔ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ካደግኩ በኋላ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። እናቴን ደግፈው መኪና ላይ ያወጧት ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም እናት ናቸው። ሄጄ ጠየቅኳቸው። እጄን ያዙኝና "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ ያን ቀን ሰማይ ማን አየ? እኔ መሬት መሬቱን ነው ያየሁት። ማሎ፣ እባክሽ ተዪው" አሉኝ። ያኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎችንም ጠየቅኩ። አንዱ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው ትዝ ይለዋል። ሌላው የሸራው ሙቀት ራሱን አዙሮት እንደነበር ነገረኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንድ ቀን አይደለም የተቀመጡት።

ጣቢያው በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት የድሮ መዝገቦች ያሉበትን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። የምፈልገውን አውቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሥራውንም የፈለግኩት ለዚያ ነው። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን አገኘሁት። የአባቴ ደቃቃ ጽሕፈት ነው። ዝናብ፣ ዜሮ። ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ከምናምን። መዝገቡን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። በሕይወቴ በደስታ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀዳሁትና ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። አክስቴ በረንዳው ላይ ድንች ትልጣለች። አባቴ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ይሰማናል። ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር አደረግኩላት።

"ምን ይላል?" አለችኝ። ማንበብ አትችልም።

"ፀሐይ ነበር ይላል። ዝናብ የለም።"

"ማነው የጻፈው?"

"አባዬ ነዋ!"

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፣ እንደሚያነብ ሰው። ሳሎን ውስጥ ሬዲዮው ድምፁ ከፍ አለ። "እንግዲያው የእናትሽ ነው" አለች። "እኔ ተሳስቼ ነው፤ ማርጀት መጥፎ ነው እቴ።" ያኔ ገና አላረጀችም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ታሪክ ለማንም ስትነግር አልሰማሁም። እንግዳ መጥቶ ስለ ልጅነቴ ሲነሳ ኩፍኝ ስለያዘኝ ጊዜ ትነግረዋለች። እኔ ደግሞ አሸንፌአለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ሸቤና ወደ ሌሎቹ የቡና ከተሞች እወርዳለሁ። የዝናብ መለኪያ የሚጠብቁልን ሰዎች አሉ፤ አንዱ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፣ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ። ወረቀታቸውን ስሰበስብ የማደርገው አንድ ነገር አለ። ገልብጬ ጀርባውን በጣቴ እዳብሳለሁ። በየቀኑ የተጻፈ ወረቀት አንድ ዓይነት አይሆንም፤ አንዱ ቀን እስክሪብቶው ጠለቅ ያለ ነው፣ አንዱ ቀን የቸኮለ፣ አንዱ ቀን ቀለሙ የተለየ። የወሩን ዝናብ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ የፈጠረ ሰው ግን እጁ ከላይ እስከ ታች አይለወጥም። የሸቤውን ዘበኛ ይዤው አውቃለሁ። "ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ዝናብ በአንድ ከሰዓት ነው የወረደው?" አልኩት። ሳቀና "ምን ላድርግ እቴ፣ ወባ ጥሎኝ ነበር። ሰማዩ እንደሆነ መጥቶ አይከሰኝ!" አለኝ። በዚህ ችሎታዬ እኮራ ነበር። የአባቴን መዝገብ ጀርባ ግን አልዳበስኩም።

አክስቴ አምና ሞተች። አባቴ ዓይኑን ካጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ "የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል" አለን፤ እንዳለውም ሄደ። አሁን ጠዋት ሲነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው "እንዴት ዋለች?" ነው፤ ፀሐይን ማለቱ ነው፣ ገና ሳትውል። እነግረዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደመና ሆኖ ሳለ ፀሐይ አለ እለዋለሁ፤ ቆዳው ያውቃል፣ ግን ዝም ይለኛል።

ያንን የስልክ ገጽ ባየሁ ዕለት ማታ እራት ላይ አነበብኩለት። እንደ ቀልድ ነበር ያነሳሁት። "ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ደመናማ ነው" የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"እኔ እኮ ያን ቀን ጅማ አልነበርኩም" አለኝ።

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

"ሸቤ ነበርኩ፤ መለኪያ ልጠግን በዋዜማው ወርጄ። እህቴ ሰው ልካብኝ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው፣ ካረፈች በኋላ። ባልደረባዬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ሲሄድ በራችን ላይ አስቆሙትና መኪና ፈልጎ ሆስፒታል ወሰዳት። የሦስት ሰዓቱን ንባብ ማንም አላነበበም። ካርዱንም ማታ ማንም አልቀየረም።"

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱ ቀብር ነበር። ከዚያ ሰልስት። ባልደረባዬም፣ ዘበኛውም፣ ሁሉም ድንኳን ውስጥ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ታዲያ ጓደኛው ሚስቱን ቀብሮ ሳለ እኔ ሥራ ልሂድ የሚል ማን አለ? ወደ ጣቢያው የተመለስነው በአራተኛው ቀን ማታ ነው።"

"ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?"

"ከየትም። መለኪያው ውስጥ የአራት ቀን ውኃ ተጠራቅሞ ነበር። ለሦስቱ ቀን አካፈልኩት፤ የእሷን ቀን ዜሮ አልኩት። ፀሐዩንም እንዲሁ ጻፍኩት።" ዓይኑ ባያይም ፊቱን ከእኔ አዞረ። "ዝናብ እየወረደባት ሄደች ብዬ በእጄ መጻፍ አልሆነልኝም።"

ወረቀቱን ባመጣሁ ጊዜ ለምን አልተናገርክም፣ ሬዲዮውን ከማስጮህ ለምን አልዘጋኸውም አልኩት። ጮኼበታለሁ መሰለኝ።

"ደስ ብሎሽ ነበራ" አለ።

መኝታዬ ላይ ሆኜ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። አባቴን ከሸቤ ጥራው ብላ ሰው የላከችው አክስቴ ናት። ያን ቀን ጅማ እንዳልነበረ ከማንም በላይ ታውቃለች። "ማነው የጻፈው?" ያለችኝ ለዚህ ነበር። አባዬ ነው ስላት ወረቀቱ ባዶ መሆኑን እያወቀች ተቀበለችኝ፤ ተሳስቼ ነው ብላ የራሷን እጅ ለእናቴ ሰጠች። እኔም አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወሰድኩ።

በማግስቱ ዕቃ ቤት ገባሁ። ካርድ አይጣልም፣ የጣቢያችን ደንብ ነው። በሲባጎ የታሰሩ እሽጎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ከሥር ያሉትን አይጥ በልቷቸዋል፣ ከላይ ያሉት ጣሪያው ስለሚያፈስ ተጣብቀዋል። የእኔው ከመሀል ነበር። ጀርባው ላይ በእርሳስ የአራት ቀን ቁጥር ተጽፏል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ በመሀላቸው ጭረት። ለአንድ ቀን የተሠራ ካርድ አራት ቀን ውሎበታል። ዝናብ አርሶት ቀለሙ ለቋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ገደማ ባለው ላይ ቃጠሎው ካርዱን በስቶ ወጥቷል።

አንድ ሙሉ ጠዋት ስመለከተው ቆየሁ። አጉሊ መነጽር አመጣሁ። ከአራቱ ቀኖች በአንዱ፣ ወይም በሁለቱ፣ ወይም በሁሉም ጠዋት ፀሐይ ነበር። ከዚያ በላይ የሚናገረው የለም። የፀሐይ መንገድ በአራት ቀን ውስጥ ብዙም አይዘዋወርም፤ አንዱ ቀን ባቃጠለው ላይ ሌላው ይደግመዋል። እኔ ያልኩት ጠዋት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ አክስቴ ያለችው አራተኛው ነው። ሁለቱም እዚያው ካርድ ላይ ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ለአንድ ሰዓት ከድንኳኑ ወጥቶ ካርዱን ቀይሮት ቢሆን ኖሮ! ግን ይህን ያደረገ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲታማ ይኖር ነበር፤ እኔም ከሚያሙት አንዷ እሆን ነበር። ሁሉም ደግ ስለነበሩ ሰማዩን የሚያይ ጠፋ።

ካርዱን ቤት ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁት። በጣቱ ጫፍ ከዳር ጀምሮ ዳበሰው። የተበሳው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ለአንድ አፍታ እንደ ድሮው ሆነ፤ ፊቱ ላይ ሥራ ታየ።

"ጥሩ ፀሐይ ነበር" አለ።

"የትኛው ቀን ነው?"

ጣቱ ቀዳዳው ላይ ብዙ ቆየ። "እሱን እንኳ አላውቅም" አለና መለሰልኝ።

ዘንድሮ፣ ጳጉሜ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጣ። የአባቴ ፍራሽ ከረጠበ ሰንብቷል። ልብስ የምታጥብልን ሴት መጥታ ስለነበር ተጋግዘን ፍራሹን ሣሩ ላይ አወጣነው፤ አባቴም መጋደም እፈልጋለሁ አለና ደግፌ አስተኛሁት። ከሴትየዋ ጋር ጥቂት ልብስ አጠብኩ። መለስ ብዬ ሳየው ፀሐዩ ፊቱን ክፉኛ ይመታዋል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ አይርገበገብም። ምንም እንደማይረባው አውቃለሁ። ሄጄ ግን በእጄ ጋረድኩለት።

ጥላው ሲያርፍበት ፊቱን ቀና አደረገ። ሳሙናው ሸተተው መሰለኝ።

"የማን እጅ ነው?" አለ።

"የእኔ ነው፣ አባዬ።"

እሺ ብሎ ራሱን መልሶ አሳረፈ። እኔም ያኔ፣ በአራት ዓመቴ፣ እንዲህ ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ አንዷ "የእኔ ነው" ትለኝ ነበር። አልጠየቅኩም። እጄ እስኪዝል ድረስ እዚያው ያዝኩለት። ከዚያ ደመናው ከደዶ በኩል መጣ፤ ከሴትየዋ ጋር ፍራሹን ወደ ቤት አስገባነው።